በአንድ ተቃውሞ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ በላይኛው ምክር ቤት፤
ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ አንድ ወንበር ስቀመጥበት።
የሰው ቃል እለቅማለሁ፣ እንደ ገብስ፣ እንደ ስንዴ፤
እንክርዳዱም ይገባል፣ መምረጥ አይደለም ግዴ።
ሣቁን በቅንፍ አስሬ፣ ጭብጨባውን በቅንፍ፣
ዝምታ ብቻ ያመልጠኛል፤ አለው መሰል ክንፍ።

"የምትደግፉ?" ሲባል፣ የእጅ ደን ይበቅላል፤
"የምትቃወሙ?" ሲባል፣ ወንበር ሲጥ ሲጥ ይላል።
ያኔ ከኋላ ረድፍ፣ ከመስኮቱ ጎን፣ አንድ ክንድ
ከቆጥ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው ይዘረጋል፣
በዝግታ፣ በልማድ።

አቶ አንጁሎ ሶርሳ።
የግል ተመራጭ፤ ብቻውን ነው የሚበላው ምሳ።
እኔ ግን ስሙን አልጽፍም፤ ደንቡ አይፈቅድልኝም፤
"በአንድ ተቃውሞ" እላለሁ፣ ከዚያ አላልፍም።

በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።
በአንድ ተቃውሞ። ሰነዱ ታሰረ፤ ቀኑም አለቀ።

ሲናገር አይጮህም። አምስት ደቂቃው ሲሰጠው
የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ፣ ከፊቱ ያስቀምጠው
እና "ክቡር አፈ ጉባኤ" ይላል፤
ከዚያ ስለ ወንዝ ያወራል።
የድጎማ ቀመር ሲቀርብ፣ ስለ ወንዝ።
የወሰን ጉዳይ ሲነሣ፣ ስለ ወንዝ።
"ዳንጮ በዚህ ክረምት ሰባት ሰው ወሰደ፤ ሦስቱ ተማሪ።
ቀመሩ ውስጥ ወንዝ የቱ ጋ ነው? ንገሩኝ በፈጣሪ።
የሕዝቡ ብዛት ገብቷል፣ የመንገዱ ርዝመት ገብቷል፤
መንገዱ ውኃ ዳር ሲያልቅስ፣ የማን ሒሳብ ላይ ወድቋል?"
(ሣቅ) ብዬ ጻፍሁ።
ከየትኛው ረድፍ እንደመጣ ግን ተውሁ።

አንድ ማታ ከሥራ ወጥቼ፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣
ረዳቱ "ቀበና! መገናኛ!" እያለ ሲያባብል፣
ግንፍሌ ድልድይ ላይ አየሁት፣ ኮቱን ደርቦ ቆሞ፣
አላፊ አግዳሚው ሲገፋው፣ በጣቱ እየቆጠረ ደግሞ።
"መቶ ዐሥራ ሁለት" አለኝ፣ ዞር ብሎ፣ "በዐሥር ደቂቃ።
አንድም ሰው ወደ ውኃው አላየ። ድልድይ ማለት ይኸው ነው፤ በቃ።"
ደግሞም አወቀኝ። "የምለው ይጻፋል?" አለኝ።
"ከነሳልዎ" አልሁት።
ሣቀ። ያን ሣቅ በየትኛው ቅንፍ ልከተው?

ጥር ላይ ቀረ።
ወባ ነው ተባለ፤ ከአገሩ ይዞት የመጣ።
"የምትቃወሙ?" አሉ አፈ ጉባኤው፤ አንድም እጅ አልወጣ።
እሳቸውም ሳያውቁት ቀና ብለው
መስኮቱ ጎን ያለውን ወንበር ጠበቁት፤ ባዶ ነው።
"በሙሉ ድምፅ" ጻፍሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
ሰው የጎደለበት ሙሉ ምን ዓይነት ሙሉ እንደሆነ ግን
እስካሁን አልገባኝም።

በሚያዝያ ተመለሰ። ኮቱ ሰፍቶታል፣ አንገቱ ቀጥኗል።
አጀንዳው ሁለት ወረዳ፣ አንድ የግጦሽ መሬት ነው፤ ለዓመታት ተጎትቷል፤
አሁን ምንጩን በጋራ ይጠጡ፣ ሣሩን በፈረቃ፣ ይላል ሰነዱ።
ጣቱን ምራቅ እያስነካ ገጽ በገጽ አነበበው፣ አልቸኮለም እንደ ልማዱ።
"የምትደግፉ?"
የእሱ እጅ ቀደመ።
አንገት ሁሉ ዞረ፤ ቆጣሪው ቆጠረ፣ ደገመ።
"አቶ አንጁሎ፣ ተሳስተው ይሆን?" አሉ ሰብሳቢው። (ሣቅ)
"አልተሳሳትሁም" አለ። "ይኼኛው ልክ ነው።"
ተቀመጠ።

"በሙሉ ድምፅ" ብዬ ጻፍሁ፤ ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ፊደል፤
ግን ብዕሬ ከበደኝ፣ ውኃ እንደሞላ እንስራ ሲሸከሙት፣ ዝቅ ሲል።

ዳንጮ ላይ እስከ ዛሬ ድልድይ የለም።
የሚቀጥለው ጉባኤ ቀን ተቆርጦለታል፤ እሱም አምስት ደቂቃ ጠይቋል፤ አልቀረም።
እኔም ማታ ማታ በግንፍሌ ሳልፍ፣ ሰው እየገፋኝ፣ ታክሲ እየጮኸ፣
ቆም እልና አጎነብሳለሁ፤
ቀጭን ነው፣ ጥቁር ነው፤
ውኃውን አየዋለሁ።